ሦስት ቀለም ያለው ሰማንያ

ይግዛው ነውር የሌለበት ሰው ነበር። አይሰክር፣ ከጎረቤት አይጣላ፣ ደመወዙን በወር በወሩ አምጥቶ ለሚስቱ ለጥሩዬ ያስረክባል። አንድ ነገር ብቻ ነበረችበት፤ ብዕር ይወዳል። ብዕር ስል እስክሪብቶ እንዳይመስላችሁ። ያቺን ጽፈውባት የሚጥሏትንማ ማንም ይይዛታል። የእሱ በብልቃጥ ቀለም የምትሞላዋ፣ ጎማዋን ጨመቅ አድርገው ሲለቋት እንደ ጥጃ የምትጠባዋ፣ ባለ ክዳኗ ናት። ውድ እንዳትመስላችሁ ደግሞ! ወርቄ በደባርቅ ገበያ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ደርድራ የምትሸጣት የቻይና ብዕር ናት። ጥሩዬን ያቃጠላትም ይኸው ነበር። «በወርቅ ቢያብድ ሰው ይረዳኝ ነበር፤ በርካሽ ነገር ያበደን ባል ለማን አቤት እላለሁ?» ትላለች።

ዘጠኝ ብዕር ነበረው። ዘጠኙም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልለው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከአልጋው ሥር ይተኛሉ። ስም አውጥቶላቸዋል፣ ያውም የፈረስ ስም። ቡናማዋ ዳማ ናት፤ ጥቁሯ ጉራቻ ናት፤ ክዳኗ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ቦራ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆርቆሮውን ያወጣና አንድ በአንድ በለብታ ውሃ ያጥባቸዋል፣ በጨርቅ ያደርቃቸዋል፣ ይሞላቸዋል። ከዚያ ጓዳ ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ጥሩዬ ጠይቃው አታውቅም። እሷ የምታውቀው ቅዳሜ ያጠበችው ሸሚዝ እሑድ ማታ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚያድር ነው። አንድ ጊዜማ ለሥራ አዲ አርቃይ ወርዶ ሲመለስ፣ መኪናው ሊማሊሞን ጠመዝማዛ እየወጣ፣ ዳማ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣቱ አልተስማማት ኖሮ ያላትን ቀለም ሁሉ ደረት ኪሱ ውስጥ ተፋችበት። ጥሩዬ በሩ ላይ ስታየው በጥይት የተመታ መስሏት ጮኸች፤ ቀረብ ብላ ደሙ ሰማያዊ መሆኑን ስታይ ደግሞ ከበፊቱ ብሳ ጮኸች።

በሚሠራበት መዝገብ ቤትም ያው ነው። በአገራችን ብዕር ተውሶ የመለሰ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ባለጉዳዩ «እስቲ አንዴ» ይላል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ ሳያስበው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ይግዛው ይህን ስለሚያውቅ በቀኝ ኪሱ ለውሰት የሚሆን እስክሪብቶ ይይዛል፤ የግራ ኪሱን ግን ቆልፎ ነው የሚኖረው። «ብዕር እጅ ትለምዳለች። ለሌላ ሰው ከሰጠኋት ስትመለስ አታውቀኝም» ይላል፣ ቆፍጠን ብሎ።

እንግዲህ ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው፤ ስጦታ። ዳባት ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ስትሠራ እዚያው የሚያስተምር አለነ የሚባል ወጣት ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡም ጨዋ ነው፤ አባቱ አቶ ያርጋል ግን ከጃናሞራ ወዲህ የታወቁ ነገረኛ ናቸው። ከአጎታቸው ልጅ ጋር በአንድ ማሳ አሥራ አራት ዓመት ተሟግተዋል። ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ሲመላለሱ ጫማ ጨርሰው፣ በቅሎ ጨርሰው፣ በመጨረሻ ተረቱ። የተረቱባት ደግሞ ወረቀት መኻል በኋላ የገባች አንዲት መስመር ነበረች ይላሉ፤ ያን ጊዜ ማንበብ አይችሉም ነበርና አላዩአትም። ወዲያው የመሬት አዋጁ መጣና መሬቱን ከረቺም ከተረቺም ወሰደው። አቶ ያርጋልም መሠረተ ትምህርት ሲጀመር በስድሳ ዓመታቸው ከሕፃን ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። እልህ ነዋ!

ስጦታ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሰማንያው ሊታሰር ሳምንት ሲቀረው አባቷን ለብቻው ይዛ፣ «አባዬ፣ አደራህን» አለችው። «አለነ ያለ አባቱ ምርቃት አያገባኝም። እሳቸው ደግሞ ሰበብ አይፈልጉም፣ ሰበብ ራሱ ይፈልጋቸዋል። የወረቀቱን ነገር አደራ።»

«የወረቀቱን ነገር?» አለ ይግዛው፣ ፊቱ በርቶ። «የወረቀቱን ነገር ለእኔ ተይው!»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ውል የሚጻፈው እማኝ ፊት፣ እዚያው በተቀመጡበት ነው። ይግዛው ግን የእጅ ጽሕፈቴ ታውቋል ብሎ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ውስጥ ጻፈው። ወረቀቱን ሲዘረጋ ልቡ ሞላበት። የሙሽሮቹን ስም ቦራ በአረንጓዴ ቀለም ጻፈችው። ሐተታውን ዳማ በሰማያዊ ወሰደችው። የሙሽራው አባት ስለሚሰጡት ጥማድ በሬ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጉራቻ ቆርቆሮው ውስጥ ተኝታ አያት፤ ለልጄ ሰርግ ያልጻፈች ብዕር ለመቼ ልትሆን ነው ብሎ አዘነላትና በሬዎቹን በጥቁር ቀለም ለእሷ ሰጣት። ጨርሶ ወረቀቱን ከሩቅም ከቅርብም አየው። እንዲህ ያለ ሰማንያ በሰሜን አውራጃ ታስሮ አያውቅም ብሎ በደስታ አደረ።

እሑድ አቶ ያርጋል በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ አቆራርጠው፣ ከሽማግሌው ከመምሬ አገኘሁ ጋር መጡ። ሰላምታው ረዘመ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ዶሮው ከጓዳ ሸተተ። ስጦታ እንደ ወጉ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣለች። «ወንድሜ ይግዛው» ይላሉ አቶ ያርጋል፣ ፍቅር በፍቅር ሆነው። «እንብላ ወይስ ወረቀቱን እንቅደም?»

«ወረቀቱ ይቅደም፣ ዶሮው ይደርሳል» አሉ መምሬ አገኘሁ። ይህን በማለታቸው ኋላ ብዙ ተጸጽተዋል።

ይግዛው ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። ላንብብልዎ ቢላቸው «ምን ሲባል!» አሉና ራሳቸው ያዙት። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከደረታቸው አይለይም። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። የሙሽሮቹን ስም አልፈው፣ ቀኑን አልፈው፣ የሽማግሌዎቹን ስም አልፈው፣ በሬዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። አቀረቡት፣ አራቁት። ከዚያ እግዜር ያሳያችሁ፣ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ሐተታውን ጠረግ አደረጉት። ሰማያዊው ተጨማለቀ። ይግዛው የገዛ ቆዳው የተገፈፈ ያህል ተሸማቀቀ። ቀጥለው በሬዎቹን ጠረጓቸው። ጥቁሩ ንቅንቅም አላለ።

«ጓድ ይግዛው» አሉ።

እስካሁን ወንድሜ ሲሉት የቆዩት ሰው ጓድ ሲሉት ይግዛው ነገር እንደ መጣ ገባው።

«ይህ ወረቀት በአንድ ቀን የተጻፈ አይደለም። አንዱ ይለቃል፣ አንዱ አይለቅም። የኔ በሬዎች የገቡት በኋላ ነው።»

«ኧረ በእመቤቴ! በአንድ ቀን ነው፣ ትናንት ነው፣ በአንድ መቀመጫ!»

«ታዲያ ቀለሙን ለምን ቀየሩት?»

መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ ደስ ስለሚል ነው ማለት ብቻ ነው። ግን የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ በሽማግሌ ፊት፣ በልጁ ሰማንያ ቀን እንዴት አድርጎ ይበለው? «ቀለም አልቆብኝ ነው» አለ።

«ሁለት ጊዜ አለቀብዎ?» አሉ አቶ ያርጋል። «ደግሞስ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

መምሬ አገኘሁ ለማብረድ ጣልቃ ገቡ። «ቅዱስ ስም በቀይ መጻፉን አባቶቻችን አውርሰውናል» አሉና ወረቀቱን አይተው ትንሽ አሰቡ። «አረንጓዴውን ግን እኔም አላውቀው።»

«በሬዎቹ ትክክል አይደሉም? ጥማድ ነው የተባለው፣ ጥማድ ነው የተጻፈው!» አለ ይግዛው፣ ላቡ ችፍ ብሎ።

«ዛሬ ጥማድ ነው። ሦስት ቀለም ያለው ሰው ነገ ስንት እንደሚያደርገው በምን አውቃለሁ? አሥራ አራት ዓመት የተማርሁት ትምህርት ነው፣ በነጻ ያገኘሁት አይደለም። በቅሎዬን ጫኑልኝ።» ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ። የምራቸውን ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ «አባዬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።   የሁለት ዓመት ፍቅሯን በሦስት ብልቃጥ ቀለም ደፍቼባታለሁ አለ ይግዛው በልቡ።

ይኸኔ ጥሩዬ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በእጇ የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዛለች። እንግዶቹ መኻል ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ደፋችው። ብዕሮቹ፣ ብልቃጦቹ፣ ጨርቆቹ፣ አንድ ወፍራም ደብተርም ተንከባለሉ።

«ይኸው ውሽሞቹ» አለች። «ባሌ ሌባ አይደለም አቶ ያርጋል። ሞኝ ነው። ብዕር ሲቀያይር ነው የሚውለው። ሌላ ምክንያት የለውም። ይኸው ዘጠኙም እዚህ አሉ፣ ይጠይቋቸው።»

አቶ ያርጋል ቆመው ክምሩን አዩት። ሰው ለደስታው ብዕር ይቀያይራል የሚለው ነገር እንዴትም ብሎ አልገባላቸውም። ደብተሩን አነሡና ገለጡት። አንደኛው ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች «ኮሶዬ፣ ኮሶዬ፣ ኮሶዬ» ይላል። ቀጣዩን ገለጡ፤ ኮሶዬ በአረንጓዴ። ቀጣዩም ኮሶዬ በጥቁር፤ እንዲህ እያለ አርባ ገጽ ይዘልቃል። የነገረኛ ዓይናቸው ጠበብ አለ።

«ኮሶዬ ላይ ርስት ነበርዎ?»

«ኧረ የለኝም።»

«ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም። ወደ ጎንደር ስሄድ በመኪና መስኮት ነው የማያት።»

«ታዲያ ስሟን አርባ ገጽ ሙሉ ምን አድርጊ ብለው ነው?»

ይግዛው አንገቱን ደፋ። ማምለጫ እንደሌለው ሲያውቅ እውነቱን ተናገረ። «ሲጻፍ ደስ ይላል» አለ፣ ድምፁ ሊሰማ እስኪያቅት ዝቅ ብሎ። «ኮ ላይ እጄ ይዞራል፣ ዬ ላይ ደግሞ ያርፋል። ሌላ ምንም የለውም።»

መምሬ አገኘሁ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑት። አቶ ያርጋል ግን አልሳቁም። የሚመረምር ሰው አንዴ ከጀመረ እስከ ጥግ ነውና፣ «እስቲ» ብለው ዳማን አነሡ። ተቀመጡ። የደብተሩን ባዶ ገጽ ዘርግተው፣ ብዕሯን እንደ ማረሻ ጨብጠው፣ ወረቀቱ ላይ ተጫኗት። ዳማ ጮኸች።

«አይጫኑ!» ብሎ ይግዛው ከመቀመጫው ተነሣ። «ራሷ ትሄዳለች፤ ዝም ብለው ይያዟት ብቻ።»

አቶ ያርጋል እጃቸውን አላሉ። ብዕሯ ሄደች። በጠመኔና በጉራጅ እርሳስ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን መጻፍ እስከዚያች ቀን ከጓል መከስከስ አይለይባቸውም ነበር። አሁን «ያርጋል» ብለው ጻፉና እጃቸውን አገላብጠው አዩት። እንደገና ጻፉ። ሦስተኛውን ሲጽፉ ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ወጣ ብሏል። አራተኛ፣ አምስተኛ እያሉ ገጹን ሞሉት። ዶሮው በረደ፣ የጠላው አረፋ ጠፋ፣ በቅሎዋ ደጅ ላይ ተጭና ቆማለች። 

«ለካ እንዲህ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የዳኛ ድምፃቸውን አወጡ። «ምክንያቱ ሞኝነት መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ወረቀት ይቀደድ። አዲሱ እዚሁ፣ እማኝ ፊት፣ በዚች በአንዷ ብዕር ይጻፍ።»

ይግዛው ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ በጥንቃቄ ጽፎ አያውቅም። ሙሽሮቹም፣ ሐተታውም፣ በሬዎቹም በአንድ ሰማያዊ ቀለም ሰልፋቸውን ይዘው ወረዱ። አቶ ያርጋል በትከሻው ላይ አጎንብሰው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን እጁንም ሲያዩ ቆዩ። ጽፎ ሲጨርስ ብዕሯን ለፊርማ ተቀበሉት፤ ግን አልፈረሙም።

«አንድ ነገር ይቀራል» አሉ። «ይችን ብዕር ለእኔ ይስጡኝ።»

 የሚጠበቀው መልስ ግልጽ ነው፤ ይውሰዷት ማለት ብቻ ነው። ወርቄ ዘንድ እሷን የሚመስሉ ሞልተዋል። ግን የይግዛው አፍ አልከፈት አለ። ብዕሯን አየ፣ የአቶ ያርጋልን የተላጠ መዳፍ አየ፣ መልሶ ብዕሯን አየ። መጋረጃው ንቅንቅ አለ። ጥሩዬ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ አንተ ሰው፣ በልጅህ አምላክ፣ የሚል አፈጣጠጥ ነበር። 

«ይገርማል!» አሉ አቶ ያርጋል። ሊያሾፉ ነበር፣ ነገር ግን ቅር ያላቸውም ያስታውቃል። «ልጅዎን ይስጡን ብዬ ሽማግሌ ስልክ ሦስት ጊዜ ያመላልሱናል ብለን ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ጠላው እንኳ ሳይቀዳ፣ በአንድ ቃል እሺ አሉ። ለዚች ለቻይና ብዕር ግን ይኸው ቀኑ መሸ። እንግዲያ ልጅቱ ከብዕሯ አነሰች ማለት ነው?»

መምሬ አገኘሁ መሬት መሬት አዩ። ይግዛው ቀና አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«አቶ ያርጋል፣ ስለ ብዕሯ እያሰብሁ ያለሁት ባስብበትም እንደምሰጣት ስለማውቅ ነው» አለ። «ልጄን በአንድ ቃል የሰጠሁት ግን አንዲት ቀን እንኳ ካሰብሁበት እንደማልሰጣት ስለማውቅ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ልጅዎን ወደደች። ስለዚህ ሳላስብ እሺ አልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሌሊት አልተኛሁም።»

 ከመጋረጃው ወዲያ ስጦታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታለቅስ ተሰማ። ጥሩዬ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ የምትለው አጥታ የበረደውን ዶሮ ልታሞቅ ነው ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች።

አቶ ያርጋል ወረቀቱን አዩ፣ ይግዛውን አዩ። ኋላ ውሉን ወደ ፊቱ ገፋ አድርገው፣ «አንድ መስመር ይጨምሩበት» አሉ። «ሙሽራይቱ በየዓመት በዓሉ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች፤ የሚከለክላት ቢኖር አማቷ ያርጋል ይጠየቃል ይበሉ። የሰው ቃል ይረሳል ወንድሜ። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም።»

ይግዛው ብዕሯን ያዘ። ለመጻፍ አጎነበሰ። እጁ እንቢ አለው፤ ወረቀቱም ጭልጭል አለበት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው።

«ይስጡኝ» አሉ አቶ ያርጋል።

«ሁለት እጅ ጽሕፈት ይሆናል እኮ» አሉ መምሬ አገኘሁ፣ ሳቅ እየቀደማቸው። «ነገ በኋላ የገባ መስመር ነው ይባላል።»

«የሚከስ ይምጣ! አሥራ አራት ዓመት የተሟገትሁ ሰው ነኝ፣ የት እንደሚሄድ አሳየዋለሁ።»

መስመሯን ራሳቸው ጻፏት። ከላይ ያሉት የይግዛው ፊደሎች በሰልፍ የቆሙ ናቸው፤ የእሳቸው ግን አንዱ ጎብጦ፣ አንዱ ተንጋሎ፣ አንዱ ከመስመር ወጥቶ ነው የሄዱት። ሁለት ቃል ላይ ፊደል ዘለሉ፣ ተመልሰው ከላይ ከተቱት። ከቤቱ ማንም አላቻኮላቸውም። ሲጨርሱ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ከሥሩም ፈረሙ።

ይግዛው መስመሯን በልቡ ደግሞ አነበባትና ፈረመ። ከዚያ የዳማን ክዳን ገጠመ፤ ተነሥቶም በአቶ ያርጋል ደረት ኪስ በገዛ እጁ ሰካላቸው።